ለቁልቢ ጉዞ ስንቃችን



ለታኅሣሥ 19 ቁልቢ ገብርኤል ስንሄድ ሦስት ሌሊት በድንኳን እናድራለን። አምና የያዝነው እንጀራ በሦስተኛው ቀን ሻገተ፤ እኛም ወጥ ስንሠራ ከምድጃው ሳንነሳ ቅዳሴው አለፈን። ለንግሥ ሄደን ንግሡን ሳናይ ተመለስን።

ዘንድሮ ሥራውን እቤታችን እንጨርስ። ጊዜው የነቢያት ጾም ስለሆነ ቅቤ አይገባም። እንጀራ ለመጀመሪያው ቀን ብቻ ይበቃል፤ ለቀሪው በደንብ የደረቀ ድርቆሽ እንያዝ። ስልሱን በዘይት፣ ውኃው እስኪያልቅ አብስለን እንሂድ፤ እዚያ በፈላ ውኃ አቅጥነን ድርቆሹን መፈትፈት ነው። በሶ በስኳር ወይም በጨው ይበጠበጣል፣ እሳት አይፈልግም። ቆሎው ለመንገድ ነው።

ውኃ ለማፍላት አንዲት ተረኛ ትበቃለች። ሌሎቻችን እናስቀድሳለን፤ በማግስቱ ተረኛዋ ትቀየራለች።