ጳጉሜ ሲገባ

ክረምቱ ሊወጣ ነው። ሐዋሳ ውስጥ ግቢው ሁሉ ለምልሟል፤ ግማሹ ግን አረም ነው፣ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ። ለእንቁጣጣሽ ቤት ሲጸዳ ግቢውም ይታሰብ።

አቮካዶው ሥር የረገፈው ቅጠል አይቃጠል፤ ጥግ ላይ ተከምሮ አፈር ጣል ይደረግበት፣ ሲበሰብስ ለጓሮ ጎመን ማዳበሪያ ይሆናል። የደረቀው የእንሰት ቅጠልም ለማሰሪያ ይጠቅማል።

ከሁሉ በፊት ግን የቆመ ውሃ! የመኪና ጎማ የቆፈረውን ጉድጓድ ድፈኑት፤ አሸንዳውንም እዩት። ከመስከረም እስከ ኅዳር የወባ ጊዜ ነው፤ ትንኟ ከእንቁላል ተነስታ ለመብረር ከ1 እስከ 2 ሳምንት ይበቃታል።

ጥራጊውን ደግሞ ወደ ቦይ አትግፉት። የሐዋሳ ሐይቅ የሚወጣለት ወንዝ የለውም፤ ጎርፍ ያመጣለትን ሁሉ ይዞ ይቀመጣል። ፕላስቲኩን ለይታችሁ ለቆሻሻ ሰብሳቢዎቹ ስጡ።