የወንድ ነብር ግዛት



ሙዱላ የምትገኝበት የጠምባሮ ምድር ከኦሞ ወንዝ ጋራ ይዋሰናል። ከወንዙ ማዶ በዳውሮና በኮንታ ምድር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2005 የተቋቋመው የጨበራ ጩርጩራ ብሔራዊ ፓርክ ይገኛል። በዚያ ከሚኖሩት አራዊት አንዱ ነብር ነው። በነብር አገር አጠገብ የሚሠራ ሹም፥ ፍየሌ ተበላብኝ የሚል አቤቱታ አንድ ቀን ከጠረጴዛው ላይ መድረሱ አይቀርምና፥ ነብሩ ይገደል ከማለቱ አስቀድሞ የአውሬውን ጠባይ ማወቅ ይገባዋል።

ወንዱ ነብር ብቻውን የሚኖር አውሬ ነው። ወሰኑን የሚያስታውቀው ዛፍ በጥፍሩ በመቧጨር፥ በቁጥቋጦ ላይ ሽንቱን በመርጨትና የመጋዝ ድምፅ በሚመስለው ጩኸቱ ነው። የቆሰለ ነብር አድኖ መብላት ይቸግረዋልና፥ እነዚህ ምልክቶች ባላጋራዎች ሳይጋደሉ እንዲራራቁ ያደርጓቸዋል። በአንድ ወንድ ግዛት ውስጥም ብዙ ጊዜ ከአንድ የሚበልጡ ሴቶች ይኖራሉ።

ትልቅ ሰውነት ያለው ትልቅ ግዛት ይይዛል ብሎ የሚገምት ሰው ቢኖር፥ ነገሩ እንዲህ አይደለም። በደቡብ አፍሪካ በክሩገር ፓርክ ወንዱ በአማካይ ወደ 60 ኪሎ ይመዝናል፤ ሴቷ ከ40 ኪሎ በታች ናት። በዚያ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በተደረገው ጥናት የወንዶቹ ግዛት ከ16 እስከ 96 ካሬ ኪሎ ሜትር ሆኖ ተገኝቷል። በዚያው አገር በኬፕ ተራሮች የሚኖረው ወንድ ግን ክብደቱ በአማካይ ከ40 ኪሎ የማይበልጥ ሲሆን፥ ከ100 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ያስሳል። ምክንያቱ ምግብ ነው። የክሩገሩ ነብር አጋዘን መሰል እንስሳት በብዛት ያገኛል፤ የተራራው ግን ሽኮኮና ሰስ እየፈለገ ይንከራተታል። አደን በተመናመነበት ሥፍራ እንግዲህ ነብር ሩቅ ይሄዳል፤ ሩቅ የሄደም ከሰው በረት ይደርሳል።

ባለግዛቱ ወንድ የተገደለ እንደሆነስ? ወንበሩ ባዶ አይቀርም፤ ሌላ ወንድ ይመጣል። አዲሱም ገቢ እናቲቱ ቶሎ እንድትፀንስለት፥ ከቀድሞው የተወለዱትን ልጆች ይገድላል። ስለዚህ በአንድ ጥይት የሚጠፋው አንድ ነብር ብቻ አይደለም። በደቡብ አፍሪካ በፊንዳ ጥብቅ ሥፍራ አካባቢ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ የነብር ግድያ እንዲቀንስ በተደረገ ጊዜ፥ ለአቅመ አደን የሚደርሱት ልጆች በዝተዋል።

ይሁን እንጂ አንዲት ፍየል ለገበሬው ቀላል ሀብት አይደለችምና አቤቱታው ሊናቅ አይገባውም። መልሱም ጥይት ሳይሆን፥ ከብት በሌሊት የሚያድርበት የጠበቀ በረትና ሚዳቋውን፥ ድኩላውንና ከርከሮውን ከሕገ ወጥ አዳኝ መጠበቅ ነው። የዱር እንስሳት ልማት፥ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999ም የዱር እንስሳትን ጥበቃ በሕግ አጽንቷል።

እንግዲህ አቤቱታው ወደ እናንተ የቀረበ እንደሆነ፥ ከመፈረማችሁ በፊት ስለ ነብሩ ብቻ ሳይሆን ስለ በረቱም ጠይቁ።