ድርሻን መጠየቅ ኃጢአት ነው?



እዚህ ሀዋሳ፣ በእኛ አዲስ ከተማ፣ አባት ካረፈ በኋላ ቤቱ ዓመታት በሟች ስም ሲቀመጥ እናያለን። «አማኝ ፍርድ ቤት አይሄድም» እንባባላለን፤ እህት ግን ድርሻዋን ሳታገኝ ትቀራለች።

ልብ በሉ! 1ኛ ቆሮንቶስ 6 የሚገሥጸው የወንድማማቾችን ሙግት ነው። የወራሽነት ማስረጃ ማውጣት ማንንም መክሰስ አይደለም። በዘኍልቍ 27 የሰለጰዓድ ሴቶች ልጆች ርስት ጠየቁ፤ እግዚአብሔርም ፈረደላቸው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም በአንቀጽ 842 ልጆች እኩል ይወርሳሉ ይላል፤ ሴት ወንድ አይልም።

እናታችሁ በሕይወት ካለች፣ ከጋራ ንብረቱ የእሷ ግማሽ ውርስ አይደለም፤ አስቀድሞ ይለይላት።

ጠበቃ ስትፈልጉ «የእኛ ቤተ ክርስቲያን ሰው ነው» ብቻ አትበሉ። የታደሰ የጥብቅና ፈቃዱን እዩ፤ የውርስ ጉዳይ ይዞ ያውቅ እንደሆነ ጠይቁ፤ ክፍያውን በጽሑፍ ተዋዋሉ። ደግሞም አንዱ ወራሽ ደብቆ አይቅጠር፤ ሁላችሁም ተቀምጣችሁ፣ ጸልያችሁ፣ አብራችሁ ምረጡ።

ወንድሜ፣ ጸሎቱን ጨርሰህ ስትነሣ ለእህትህ ደውልላት። ጌታ ይርዳህ። አሜን።