ውኃ በደጋ ቶሎ ሲፈላ ንፍሮ ስለ ምን ይዘገያል
ለመንደር ትምህርት ቤት መምህራንና ለአገር ሽማግሎች የተነገረ



የቆላ ሰው ወደ ደጋ ወጥቶ ንፍሮ ቢቀቅል፤ ውኃው ሲንተከተክ ያያል፤ ባቄላው ግን ጠጠር እንደ ሆነ ይቈያል። በዚህ ጊዜ አንዱ እህሉን፤ አንዱ ድስቱን፤ ሌላውም ምድጃው አጠገብ የተቀመጠችውን ሴት ይነቅፋል። እርስዋም ነቀፋውን ፈርታ ማገዶ ትጨምራለች። ይሁን እንጂ ንፍሮው ፈጥኖ አይበስልም።

እንዲህ ያለው ነቀፋ በሌላም አገር ታይቷል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1835 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ሊቅ ቻርልስ ዳርዊን በደቡብ አሜሪካ የአንዲስን ተራሮች ሲሻገር፤ ድንች የተጣደበት ድስት ሌሊቱን ሁሉ በእሳት ላይ አደረ፤ በማግሥቱም እንደ ገና ፈላ፤ ድንቹ ግን አልበሰለም። ሁለቱ የመንገድ ጓደኞቹ ጥፋቱን በድስቱ ላይ አደረጉት፤ ድስቱ አዲስ ነበርና።

ምክንያቱ ምንድር ነው ቢሉ፤ የአየር ክብደት ነው። አየር በዓይን ባይታይም ክብደት አለው፤ በምድርም ላይ ተጭኖ ይኖራል። በዚሁ አቆጣጠር በ1648 ዓ.ም. ፈረንሳዊው ፓስካል የእኅቱን ባል ፔሪዬን፤ ባዜቃ ያለበትን የአየር መመዘኛ ይዞ ወደ ተራራ እንዲወጣ አደረገው። ፔሪዬም ከፍ ባለ መጠን ባዜቃው ዝቅ ሲል አየ። ከዚህም የተነሣ በደጋ የአየር ጭነት ቀላል እንደ ሆነ ታወቀ።

ውኃ ሲፈላ እንፋሎቱ በውስጡ አረፋ ሆኖ ይወጣል። አረፋውም ለመውጣት በላይ የተጫነውን አየር መግፋት ይገባዋል። ጭነቱ ሲከብድ ብዙ ሙቀት ይሻል፤ ሲቀል ግን ጥቂት ሙቀት ይበቃዋል። ስለዚህ ውኃ በባሕር ጠረፍ በ100 ዲግሪ ሲፈላ፤ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ባላት በአዲስ አበባ በ92 ዲግሪ ገደማ፤ በደብረ ብርሃን በ91 ዲግሪ ገደማ፤ በራስ ዳሸን ጫፍም በ85 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። እህልን የሚያበስለው ሙቀቱ እንጂ አረፋው አይደለም፤ ሙቀቱም ስላነሰ ንፍሮው ይዘገያል።

ማገዶ ቢጨመርስ ቢሉ፤ አንድ ጊዜ የፈላ ውኃ በክፍት ድስት ሳለ ከዚያ በላይ አይሞቅም። የተጨመረው እሳት ውኃውን እንፋሎት አድርጎ ከመጨረስ በቀር ሌላ ጥቅም የለውም። ከሩቅ ተለቅሞ በጀርባ የመጣው እንጨትም በከንቱ ይጠፋል።

በ1679 ዓ.ም. ፈረንሳዊው ዴኒ ፓፔን እንፋሎቱን አፍኖ የሚይዝ የብረት ድስት አበጀ። የታፈነው እንፋሎት በውኃው ላይ ስለሚጫን ውኃው ከ100 ዲግሪ በላይ ይሞቃል። ዛሬ በየከተማው የሚሸጠው የእንፋሎት ድስት ከዚህ የተገኘ ነው። ዳሩ ግን ይህ ድስት ትርፉን እንፋሎት የሚያስተነፍስ መውጫ አለው፤ መውጫ የሌለውን ድስት ወይም ሸክላ በሊጥ ወይም በጭቃ መድፈን ግን ይፈነዳልና ሰውን ይጎዳል።

የእንፋሎት ድስት የሌለው ሰው ባቄላውንና ሽምብራውን ሌሊት በውኃ ዘፍዝፎ ያሳድር፤ ድስቱን ይክደን፤ ውኃው ከፈላም በኋላ መፍላቱ እንዳይቋረጥ ብቻ እያየ እሳቱን ይቀንስ። ለመጠጥ የሚፈላ ውኃ ደግሞ ከ2,000 ሜትር በላይ ባለ አገር ከተንተከተከ በኋላ 3 ደቂቃ ይቈይ፤ በዚህም የበሽታ ጀርሞች ይሞታሉ።

መምህር የሙቀት መለኪያ ቢያገኝ በተማሪዎቹ ፊት ውኃ ያፍላ፤ ቍጥሩንም በሰሌዳ ይጻፍ። ቀጥሎ እሳቱን አብዝቶ ቍጥሩ ከፍ አለማለቱን ያሳያቸው። ልጆቹም ያዩትን በየቤታቸው ለእናቶቻቸውና ለአባቶቻቸው ይንገሩ፤ ማገዶው ይተርፋል፤ ያለ ጥፋትዋ የምትነቀፈውም ሴት ከነቀፋ ትድናለች።