ምግብ ቤት ውስጥ ማን ይናገር?

(በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ፣ በሽኩና ኣሌፍ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የምናወራው ስለ ጠረጴዛ ነው። ትንሽ ነገር ነው ብላችሁ እንዳትንቁብን። ብዙዎቻችን ከሠራዊት ከወጣን በኋላ እዚሁ ቤር ሼባ ውስጥ በአስተናጋጅነት ሠርተናል፤ አሁንም የምንሠራ አለን። ሰው ቅር የሚለው ብዙ ጊዜ ምግቡ ሳይመጣ፣ ገና በሩ ላይ ነው።

ቤታችን ውስጥ ሥርዓቱ የታወቀ ነው። ሽማግሌ ሲገቡ «ኖር» ብለን እንነሣለን፤ እሳቸውም «በእግዜር» ብለው ያስቀምጡናል። እጅ የሚታጠበው ከታላቅ ጀምሮ ነው። ሰው ቢጨመርም ጠጋ ጠጋ ይባላል እንጂ መሶቡ ሞላ አይባልም። ምግብ ቤት ግን የአራት ሰው ጠረጴዛ የአራት ሰው ነው። ስምንት ሆነን ሄደን ከጎን ወንበር ብንጎትት፣ ትኩስ ሾርባ የያዘ ልጅ የሚያልፍበትን መንገድ ዘጋን ማለት ነው። ስለዚህ ቀድመን እንደውል፤ ስንት እንደሆንን፣ ደረጃ መውጣት የማይችሉ አያት እንዳሉን እንናገር። ሰው በሚበዛበት ማታ አንዳንድ ቤቶች ጠረጴዛውን በሰዓት ነው የሚሰጡት። ሳንቀመጥ እንጠይቅ። (እኛ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሳንል የማንነሣ መሆናችንን እነሱ በምን ያውቃሉ?)

ጠብ ሲነሣስ? ወላጆቻችን «ተዉት፣ እንሂድ» ይላሉ። እኛ ደግሞ በዕብራይስጥ እንጮኻለን። ዝም ብለን ስንወጣ ማንም አይጠየቅም፤ ስንጮኽ ደግሞ የሚታወሰው ጩኸታችን ብቻ ነው።

ከኋላችን የመጣ ሰው ቀድሞን ሲቀመጥ፣ መጀመሪያ «ቀድመው ደውለው ነው?» ብለን እንጠይቅ። ብዙ ጊዜ መልሱ አዎ ነው፣ ነገሩም እዚያው ያልቃል። ካላለቀ ከአስተናጋጁ ጋር አንጨቃጨቅ፤ የፈረቃውን ኃላፊ እናስጠራ። «ቦታ የለም» ተብለን ባዶው ጠረጴዛ ለሌላ ከተሰጠ ግን ሰዓቱን፣ የተባልነውን ቃል፣ ያየውን ሰው እንጻፍ። ክኔሴት በ2000 ያወጣው ሕግ፣ በዘር ወይም በትውልድ አገር ምክንያት ሕዝብ በሚገባበት ቦታ ሰውን መለየትን ይከለክላል። ፍርድ ቤትም የደረሰብንን ጉዳት ሳናስረዳ ካሳ ሊፈርድልን ይችላል፤ ሕጉ ሲወጣ ጣሪያው 50,000 ሸቀል ነበር፣ ከኑሮ ውድነቱም ጋር ይጨምራል።

አሁን ለእኛ ለወጣቶቹ። አስተናጋጁ አባታችንን አልፎ ከእኛ ጋር ብቻ ሲያወራ፣ ዕብራይስጥ ስለቻልን ደስ አይበለን። ምናሌውን ለአባባ እንስጥ፤ የሚፈልጉትን ይናገሩ፣ እኛ እናስተርጉም። ጠብ ሲሆንም እንደዚያው ነው። አፋችንን ከመክፈታችን በፊት «እማዬ፣ እንቆይ ወይስ እንሂድ?» ብለን በአማርኛ እንጠይቅ። የተነካው የእሳቸው ክብር ሆኖ ሳለ ውሳኔውን ከእጃቸው መውሰድ ሌላ ንቀት ነው።

እንዲህ ያለ ነገር ደርሶባችሁ አቤቱታ መጻፍ የምትፈልጉ ወላጆች ካላችሁ፣ ከስብሰባው በኋላ አትሂዱብን። ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘናል፤ እናንተ በአማርኛ ትነግሩናላችሁ፣ እኛ በዕብራይስጥ እንጽፋለን።