ከሚዛኑ ጎን እርምጃውም ይለካ፦ ክብደት ለመቀነስ የሚደረግ ቀዶ ሕክምና በአካሄድ ላይ የሚያመጣው ለውጥ



ክብደት ለመቀነስ የጨጓራ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው ለክትትል በመጣ ቁጥር አስቀድሞ የሚወጣው ሚዛን ላይ ነው። እኔ ዛሬ የምሟገተው አካሄዱም አብሮ መለካት እንዳለበት ነው።

በቅድሚያ አካሄድ ለምን እንደሚለወጥ እንመልከት። እጅግ የወፈረ ሰው ላለመውደቅ እግሮቹን አራርቆ ይረግጣል፤ እርምጃው ያጥራል፤ ሁለቱም እግሮች በአንድነት መሬት ላይ የሚቆዩበት ጊዜም ይረዝማል። ክብደቱ ሲቀንስ እርምጃው ይረዝማል፣ ይፈጥናል፤ በእግሮቹ መካከል ያለው ስፋትም ይጠባል። የመገጣጠሚያ ጫናም ይቀላል። የጉልበት መገጣጠሚያ ሕመም ባለባቸው አረጋውያን ላይ ተካሂዶ በ2005 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ 1 ኪሎ ክብደት በተቀነሰ ቁጥር በእያንዳንዱ እርምጃ ጉልበት ላይ የሚያርፈው ጫና በ4 ኪሎ ያህል እንደሚቀንስ አሳይቷል።

ይሁን እንጂ ለውጡ ለሁሉም እኩል አይደርስም። በአሜሪካ በ10 ሆስፒታሎች የተካሄደውና ላብስ በሚል ምሕፃረ ቃል የሚታወቀው ጥናት የ2,221 ታካሚዎችን ውጤት በ2016 እ.ኤ.አ. አሳውቋል። ከ1 ዓመት በኋላ 400 ሜትር ለመራመድ የሚወስድባቸው ጊዜ በጉልህ የተሻሻለላቸው 59.5 በመቶው ነበሩ። የሰውነት ሕመም የቀነሰላቸው ደግሞ 57.6 በመቶ ነበሩ፤ በ3ኛው ዓመት ግን ይህ ቁጥር ወደ 48.6 በመቶ ወረደ። በእግር ጉዞው የተገኘው መሻሻል በአንጻሩ ጉልህ ቅናሽ አላሳየም። እንግዲህ ሕመምና የመራመድ ችሎታ ሁልጊዜ አብረው አይጓዙም፤ አንዱን ለክቶ ሌላውን መገመት አይቻልም።

ሚዛን የማያሳያቸው ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ የሚጠፋው ክብደት ሁሉ ስብ አይደለም፤ ከፊሉ ጡንቻ ነው። ሁለተኛ፣ ጨጓራው ሲያንስ ወይም ምግብ የቀጭን አንጀትን የመጀመሪያ ክፍል ዘልሎ እንዲያልፍ ሲደረግ ቫይታሚን ቢ12፣ ታያሚን ወይም መዳብ ሊጎድል ይችላል። ያን ጊዜ ነርቭ ይጎዳል፣ እግር ይደነዝዛል፣ አካሄድም ይንገዳገዳል። ሦስተኛ፣ በተለይ አንጀትን ዘልሎ ከሚያሳልፈው ቀዶ ሕክምና በኋላ አጥንት ይሳሳል፤ የመሰበር አደጋም ይጨምራል። የሚንገዳገድና አጥንቱ የሳሳ ሰው በሚዛን መዝገብ ላይ ግን ስኬታማ ታካሚ ሆኖ ሊታይ ይችላል። አደጋው እዚህ ላይ ነው።

ስለዚህ ወደ ሕክምናና ፊዚዮቴራፒ ሙያ ለምትገቡ ተማሪዎች የማሳስበው ይህን ነው፦ የ6 ደቂቃ የእግር ጉዞ ፈተና የሚጠይቀው ሰዓት፣ ርቀቱ የተለካ ቀጥ ያለ መተላለፊያና ጥቂት ትዕግሥት ነው። ከቀዶ ሕክምናው በፊት ይደረግ፤ በየክትትሉም ይደገም። ጡንቻን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ፣ በቂ ፕሮቲንና የታዘዙት ቫይታሚኖች የሕክምናው አካል እንጂ ተጨማሪ ምክር ተደርገው አይታዩ። ቀዶ ሕክምናው ሸክሙን ያወርዳል፤ ሸክሙ የወረደለት ሰው በርትቶ መራመዱን ማረጋገጥ ግን የእኛ ኃላፊነት ነው።