በናዳ ዜና ውስጥ የተቈጠረውና የተፈራው



ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. የወላይታ ጎረቤት በሆነው በጎፋ ዞን፥ በገዜ ጎፋ ወረዳ፥ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ በተባለው ቀበሌ ናዳ ወርዶ ብዙ ሕዝብ ፈጀ። በማግስቱ የሟቾች ቍጥር በየሰዓቱ እያደገ 229 ደረሰ። ጥቂት ቀን ቈይቶ የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ ጉዳዮች ማስተባበሪያ ቢሮ 257 መድረሱን አስታወቀ፤ እስከ 500 ሊደርስ እንደሚችልም ሥጋቱን ገለጸ።

257 የተቈጠረ ነው፤ 500 ግን የተፈራ። «ሊደርስ ይችላል» የሚለውን ቃል ጥሎ 500ን ብቻ በርእሱ ላይ በትልቅ ፊደል የሚያወጣ ጸሐፊ፥ ገና የሚፈለገውን ሰው ሁሉ ሞቷል ብሎ ማርዳቱ ነው። እኛ የቢሮ ሰዎች አኀዙን አንብበን ወደ ሥራችን እንመለሳለን፤ በቦምቤ ተቀምጦ ወንድሙ ጎፋ የሚኖርበት ሰው ግን ከአኀዙ ውስጥ አንድ ስም ይፈልጋል። ስለዚህ ማን ቈጠረ፥ መቼስ ቈጠረ ብለን እንጠይቅ።

አድልዎ በቃል ምርጫም ይገባል። ከሟቾቹ ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ሊያወጡ ሮጠው ሄደው ሁለተኛው የደረሰባቸው ናቸው። እነዚህን «ለማየት የተሰበሰቡ» ብሎ የሚጽፍ ቢኖር፥ ቍጥሩን ባይሳሳትም ሰዎቹን ይበድላል። ከነርሱ መካከል የቀበሌው አስተዳዳሪ፥ መምህራንና የጤና ሠራተኞች ይገኙ ነበር።